የጋሼ ቀለም ቁርስ

ሰው ለምሳው ይጨነቃል፣ ለእራቱ እንግዳ ይጠራል፤ ቁርሱን ግን እንደ ዕዳ ቆጥሮ ቆሞ ይጎርሰዋል። ይህን የምጽፈው ቁርስን እንዲህ ለሚንቁ ሰዎች ነው፤ ትንሽ ተቆጥቼም ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ መቆጣት ልማዴ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ነገሩ የጀመረው ሰፈራችን ካለው ትልቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ሚስቴ ያዘዘችኝን የልብስ ሳሙና ልገዛ ገብቼ፣ የታሸጉ የቁርስ እህሎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ጎረቤቴን ጋሼ ቀለምን አገኘኋቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዕድሜያቸውን የፈጁት ካርቶን የሚያትም ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቀለሙ ከጥፍራቸው ሥር አልለቅ ስላለ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸና። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ያን ቀን አንድ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ወደ አምፖሉ አዘንብለው፣ አፍንጫቸው እስኪነካው አስጠግተው ያዩታል።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«የጠፋስ የለም መምህር። ቀለሙ ከመስመር ወጥቶ እንደሆነ እያየሁ ነው። ተመልከት እስቲ፣ ወርቃማው ዛላ ሰማያዊው ላይ እንዴት ቁጭ እንዳለ! ፀጉር አያስገባም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያሠራ ድርጅት ለሰው መጥፎ ነገር አያበላም።»

«እርስዎ እህል የሚገዙት በኅትመቱ ጥራት ነው እንዴ?»

«ታዲያ በምን ልግዛ? ሱቅ ውስጥ ቀድጄ አልቀምሰው!»

«ሳይቀድዱትም ውስጡን ማየት ይቻላል» አለ ከኋላችን የመጣ ድምፅ።

ዞር ስንል የሚስታቸው የእህት ልጅ ናት። ስለ ምግብና ጤና ተምራ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ዶክተር አለመሆኗን እያወቁ ጋሼ «ዶክተሬ» እያሉ ይቀልዱባታል። በቅርቡ ሐኪም የጋሼ ስኳር ከፍ ማለቱን፣ በዚሁ ከቀጠለ ቀድሞ የሚጎዳው ዓይናቸው መሆኑን ሲነግራቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ ጥላ ትከተላቸዋለች።

«ካርቶኑን ወደ ጎን ያዙሩት ጋሼ» አለች።

«ጎኑን እኔ አላውቀውም። የእኔ ሥራ ፊቱ ነበር። በጎን ያለው ደቃቅ ጽሑፍ በአንድ ቀለም የሚወጣ፣ ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ ነው።»

ልብ በሉልኝ። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን የምግብ ካርቶን ሲያትሙ ኖረው ጎኑን አንድ ቀን አንብበውት አያውቁም። እኛም ብንሆን ፊቱን አይተን ነው የምንገዛው።

ልጅቷ ካርቶኑን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። «እዚህ ላይ የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ የገባው ይቀድማል። መጀመሪያ የበቆሎ ዱቄት አለ፣ ገለባው የወጣለት። ቀጥሎ ስኳር። ከዚያ ሽሮፕ ይላል፤ እሱም ያው ስኳር ነው፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ። ከዚያ ማቅለሚያ።»

«ማቅለሚያ?» አሉ ጋሼ። «እህሉንም ይቀቡታል? ለካ የሙያ ባልደረባ አለኝ!»

ሳቅን። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ከላይኛው መደርደሪያ አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበት ካርቶን አወረዱና ፊቷ ላይ አውለበለቡት።

«መቼም ቀጥለሽ የምታመጪው ይህንን ነው። ኦርጋኒክ! ይህን ቅጠል እኮ እኔ ራሴ አትሜዋለሁ። ሳሙና ላይ አትሜዋለሁ፣ የአይጥ መርዝ ላይም አትሜዋለሁ። ደንበኛው ቅጠል ካለ ቅጠል ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ዶክተሬ!»

በዚህ ላይ እውነት ለመናገር ለእሳቸው ፈረድኩ። ልጅቷ ግን ቅር አላላትም።

«እውነትዎን ነው፣ ቅጠል ማንም ይለጥፋል። ኦርጋኒክ የሚባለው እህሉ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ ርጭት መብቀሉን መርማሪ አይቶ ሲመሰክርለት ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ትተው የመርማሪውን ድርጅት ስም ይፈልጉ። ይኸው፣ እዚህ ከሥር አለ። ግን አልጨረስኩም። መምህር፣ እስቲ ሁለተኛ የተጻፈውን ያንብቡልን።»

መነጽሬን አስተካከልኩና አነበብኩ፤ «ኦርጋኒክ ስኳር» ይላል።

«አዩ? ኦርጋኒክ ስኳርም ስኳር ነው። ደምዎ ውስጥ ሲገባ የምስክር ወረቀት የሚጠይቀው የለም። መጀመሪያ እህሉ ሙሉ መሆኑን፣ ስኳር አለመጨመሩን ይዩ። ኦርጋኒክነቱን የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አቅም ከፈቀደ እሰየው፣ ካልፈቀደም ሙሉው እህል ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ከመጨረሻው መደርደሪያ ቡናማ የወረቀት ከረጢት አወጣች። ተጨፍልቆ የተዳመጠ ሙሉ አጃ ነበር። ከጎኑ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ አጃ። ከሥሩ የመርማሪው ስም አለ፤ ሌላ ነገር የለውም።

ጋሼ የተሰደቡ ያህል ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይሄ ምንድን ነው? በአንድ ቀለም! እሱም ተንጋዶ! ይሄ የድንች ከረጢት ነው እንጂ ምግብ የሚገባበት ነው? ደግሞስ አጃ የፈረስ ቀለብ አይደለም?»

«ፈረስ መነጽር አድርጎ አይተው ያውቃሉ?»

«ምላሷ የአክስቷ ነው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ፈገግታቸው ግን ወዲያው ጠፋ። ወርቃማውን ካርቶን መልሰው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱ። «ልጄ፣ ምክርሽን ሰምቻለሁ፣ ተባረኪ። ይህችን ካርቶን ግን አልተውም።»

ቀልድ አልነበረም። ልጅቷ የአጃውን ከረጢት በራሷ ገንዘብ ገዛች፤ እኔም ነገሩ ከንክኖኝ ዕቃቸውን ልሸከምላቸው በሚል ሰበብ አብሬያቸው ሄድኩ።

የጋሼ ወጥ ቤት ጠባብ ነው። መስኮቱ ሥር አንዲት ጠረጴዛ አለች፣ ግራና ቀኝ ሁለት ወንበር። በአንደኛው ወንበር ፊት፣ ሰው ሊቀመጥበት በሚገባው በኩል፣ ያው ወርቃማ ካርቶን ባዶውን ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ጋሼ ወንበር ዞሯል። ልጅቷ ዕቃ ልታስቀምጥ ብላ ገፋ ስታደርገው ጋሼ ጮኹ።

«አትንኪያት!»

ሁላችንም ደነገጥን፤ ከሁላችንም ይልቅ እሳቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሥዕሉን እዪው» አሏት። ካርቶኑ ላይ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ጠረጴዛ ከበዋል። ሴትየዋ ወተት እየቀዳች ትስቃለች፣ በመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ገብቷል። «መጀመሪያ ያተምኩት እኔ ነኝ። የተበላሸ አንድ ወረቀት አጥፌ ለአክስትሽ አመጣሁላት። እኔና እሷ እኮ ቁርስ አብረን በልተን አናውቅም። የእኔ ፈረቃ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚገባው፤ እሑድ ደግሞ ትርፍ ሰዓት አለ። ሥዕሉን አየችና ሳቀች፤ ‹እኛስ መቼ ነው እንዲህ የምንቀመጠው?› አለችኝ። ‹ጡረታ ስወጣ በየቀኑ› አልኳት። ከዚያ በኋላ በተጣላን ቁጥር የምታስታርቀን ይህች ነገር ነበረች። ‹ተወው፣ ጡረታ ስትወጣ ትክሰኛለህ› ትለኝ ነበር።»

ጥፍራቸውን ጥቂት አዩ።

«ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ሞተች። እህሉ ይጣፍጥ አይጣፍጥ እኔ አላውቅም። ጠዋት ከፊቴ አቆማታለሁ፣ እበላለሁ። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ግን ሥዕሉ ላይ አያለሁ። ትናፍቀኛለች። ሌላ ምን ልበልሽ?»

የተሸከምኩትን ዘንቢል ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ልጅቷም ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ እኔም ትናፍቀኛለች። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዓይንዎ ከጠፋ ይህን ሥዕል በምን ያዩታል?»

ጋሼ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ካርቶኗን አልወስድብዎትም። ባለችበት ትቁም። ውስጧ ያለውን ብቻ እንለውጠው።»

«አጃ ልትሞይባት?»

«አጃ ልሞላባት።»

«ጣዕም የሌለው ነገር እሷ ፊት ቁጭ ብዬ ልበላ?»

«ጣዕሙን ለእኔ ይተዉት» አለችና ተነሣች።

ያደረገችው እንዲህ ነው፤ የቤት እመቤቶችም አባወራዎችም ልብ ይበሉ። ደረቅ መጥበሻ ጣደችና አጃውን በለስላሳ እሳት አመሰችው። ወጥ ቤቱን የትኩስ ዳቦ ዓይነት ሽታ ሞላው። ሳህን ውስጥ ገልብጣ ወተት አፈሰሰችበት፣ ትንሽ ቀረፋ ነሰነሰች፣ ግማሽ ሙዝ ከተፈችበት፣ የተቆላ ለውዝ ደቁሳ ጨመረች። ከላይ ዛሬ ከተገዛው ወርቃማ ካርቶን አንድ እፍኝ ኮርንፍሌክስ ጣል አደረገችበት።

«እሱን ከለከልሽኝ አልነበር?»

«በአንድ ቀን አይቆረጥም። ነገ ትንሽ ይቀንሳሉ፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ጋሼ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። አኘኩ። ገና ያኝካሉ። እኔና ልጅቷ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ቆመን እናያቸዋለን።

«ማኘክ ይፈልጋል» አሉ በቅሬታ።

«ገለባው አብሮት ስላለ ነው። በአፍዎ እንዳስቸገረዎት ሆድዎም ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ስኳሩም ወደ ደምዎ የሚገባው በዝግታ ነው፤ ረሃቡም እስከ ምሳ አይመጣም።»

«ያኛውን እኮ ወተቱ እንዳያርሰው እየተሽቀዳደምኩ ነበር የምበላው። ሳልቀመጥ ያልቃል።» ሌላ ማንኪያ ጎረሱ፤ ወደ ሥዕሉ አዩ። «ይሄ ያስቀምጣል።»

«ያስቀምጣል ጋሼ።»

«እንዲያ ከሆነ ከእሷ ጋር የምቀመጥበት ጊዜ ይረዝምልኛል።»

የአጃውን ከረጢት ራሳቸው አነሡት። አንዲት ቅንጣት ሳያፈሱ የቀረውን አጃ ባዶው ካርቶን ውስጥ ገለበጡትና መልሰው ከፊታቸው አቆሙት።

እንግዲህ የተገኘውን ጥቅም ልናገር። በወራት ውስጥ ጋሼ ስኳር የተረጨበትን እህል ፈጽመው ተዉ። ሐኪሙ ስኳራቸው መውረዱን፣ ዓይናቸውም ከነበረበት አለመባሱን ነገራቸው። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ልጅቷ እንዲያቋርጡም አትፈቅድም። ረፋድ ላይ ይይዛቸው የነበረው መንቀጥቀጥና ብስጭት ቀረ። ሆዳቸው ልክ ገባ፤ ስለዚህ ጉዳይ እሳቸው በዝርዝር ነግረውኛል፣ እኔ ግን አንባቢን አላስቸግርም። አሁን ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዞሩት ጎኑን ነው፤ ፊደሉ ሲደቅባቸው አላፊ አግዳሚውን ያስነብባሉ፤ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይደበቃሉ። ሰው የሚበላውን አውቆ ሲበላ ምን ያህል እንደሚያምርበት በእሳቸው አየሁ።

እኔም ብቻቸውን አይሁኑ ብዬ በየጠዋቱ እየሄድኩ አብሬያቸው መብላት ጀመርኩ። በዚህ ደግነቴ ኮራ ማለቴን አልደብቅም። ከሥዕሉ ጎን ሦስተኛ ወንበር ተጨመረልኝ፣ አጃው ይታመሳል፣ ሙዙ ይከተፋል፣ ወሬያችን አያልቅም። አንድ ጠዋት እንዲሁ እያወራን ሳለ ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«መምህር፣ ሚስትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ትናንት በር ላይ ሰላም ብለዋት የለም እንዴ?»

«አሁን ምን እያደረገች ነው?»

«ምን ታደርጋለች፣ ቁርሷን እየበላች ነዋ።»

«ከማን ጋር?»

አፌን ሞልቼ ስለነበር ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ጋሼ ሳህኔን ከፊቴ ሳብ አደረጉት።

«ነገ ይዘሃት ና፣ አጃው ለሁላችንም ይበቃል። ዛሬ ግን ተነሥና ሂድ።»

ተነሥቼ ሄድኩ፤ ሳህኔ ገና አልተጋመሰም ነበር።