ለመምህርት አስቴር፣ ስለ ተቆረጠው ቃጫ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ባዘዘው፣ ከዶርዜና ከኦቾሎ ደጋ የወረዳችሁ ዘመዶች፣ የዚያች የታሸገች ቤተ ክርስቲያን ምእመናን... ይቅርታ፣ የቀበሌያችን ነዋሪዎች። ንግግሬ አጭር ነው፤ ለሚመዘግበውም አይከብድም።

የምንቀብራት መምህርት አስቴር ናት። ብዙ ዓመት አብረን አስተማርን። ዓይኗ አያይም ነበር፤ ጆሮዋ ግን ከኋላ ወንበር የሚያንሾካሹከውን ለይቶ በስሙ ያስጠራት ነበር። ይኸው አጠገቤ የቆመው ባሏ ገነነም አያይም።

ምን ገደላት? ጠርሙስ ገደላት።

ክሊኒኩ የሳል ሽሮፕ የሚሰጠን ጠርሙስ ይዘን ስንሄድ ነው። ኅብረት ሱቁም የትኋን መርዝ የሚቀዳልን ጠርሙስ ይዘን ስንሄድ ነው። ሁሉም ያው የአረቄ ጠርሙስ። እኩልነት ከሰው በፊት ለጠርሙስ ደረሰው።

አስቴር ምን አደረገች? ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። ሱቁ መርዝ ሲሸጥ የጠርሙሱ አንገት ላይ ቃጫ ይሰር፣ በእጅ እንለየው አለች። ጓድ ባዘዘው በትዕግሥት አዳመጧት።

«ጓድ አስቴር፣ ይህን ጥያቄ ሰፊው ሕዝብ አላነሣውም።»

«ሰፊው ሕዝብማ ያያል፣ ጓድ።»

ሳቃችሁ፤ አስታውሳለሁ። ጥያቄዋም ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። የሚቀጥለውም ለሚቀጥለው አስተላለፈው።

እሷ ግን አልጠበቀችም። ቤቷ ባለው የመርዝ ጠርሙስ አንገት ላይ ራሷ ቃጫ አሰረች። ገነነ «ሻካራው የትኋን፣ ለስላሳው የእኛ» ይል ነበር። የቤታቸው ሕግ ይኸው ነበር፤ ሠራ።

ከዚያ የጽዳትና የኋላ ቀር ልማድ ማጥፊያ ዘመቻ መጣ። ባልና ሚስቱ ቤት አልነበሩም። ዘማቾቻችን ቁልፉን ከጎረቤት ተቀብለው ገቡ። ቤቱን ጠረጉ፤ መልካም። ጠርሙሶቹን ወልውለው ደረደሩ፤ በጣም መልካም። አንዱ አንገት ላይ ቃጫ አዩ። ምን ሊሆን ይችላል? ክታብ ነዋ። ቆረጡት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአንዲት የተማረች ሴት ቤት ጥንቆላ መወገዱ በስብሰባ ተነገረ። ስሟ አልተጠራም። አስቴር ጉንፋን ይዟት ቀርታ ነበር። አዳራሹ ሲያጨበጭብ፣ እሷ እቤቷ እየሳለች መደርደሪያውን ትዳስሳለች። አፍንጫዋ ታፍኗል፤ ሽታ አትለይም። እጇ አንድ አንገት ያዘ። ለስላሳ ነው። ጠጣች።

ክታብ አልነበረም፣ ወገኖቼ። ጽሑፍ ነበር። ማንበብ ያልቻልነው እኛ ነን።

ደግነቱ ሊቀመንበራችን ትናንት ችግሩን ፈቱት። ከእንግዲህ ሱቁ በሚሸጠው መርዝ ሁሉ ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «መርዝ» ተብሎ ይጻፋል። ገነነ፣ ወንድሜ፣ ሰማህ? ቀይ ነው። ትልቅ ነው። ለአንተ ሲባል ነው።

አስቴር፣ እህቴ፣ ደህና ሁኚ። ስለ ገነነ አታስቢ፤ ከዚህ የሚሄደው ወደ እኔ ቤት ነው። የእኔን የመርዝ ጠርሙስ ዛሬ ጠዋት ጓሮ ቀብሬዋለሁ። ያለ ንግግር።