ጥርሴና ተመስገኔ

«እማ፣ ደህና ከሆንሽ ለምን ሐኪም ቤት መጣን?» አለችኝ የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ ያውም ሐኪሙ ፊት። ጥርሴ ሳምንት ሙሉ ሲያሰቃየኝ ሰንብቶ፣ እሷን አስከትዬ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ላሊበላ ገብቻለሁ። ወጣቱ ሐኪም «እንዴት ነሽ እናት?» ሲለኝ፣ እንደ ለመድኩት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ተመስገን፣ የከፋ የለም።»

ሕመሜን መዘርዘር ፈጣሪን ማማረር ይመስለኛል። ሐኪሙ ግራ ገብቶት «እንግዲያ ሌላ በሽተኛ ላስገባ?» ቢለኝ፣ እኔ ሞኟ ብድግ አልኩ! ልጄ የጠየቀችኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ ሐኪሙም ዞራ «ጉንጯን ይዛ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው፤ ቆሎ እንኳ አልቆረጠመችም!» ብላ አጋለጠችኝ። ሐኪሙ እየሳቀ አፌን አስከፈተኝና ጥርሴን ነቀለልኝ።

ስንመለስ «እማ፣ ተመስገኑን ለእግዜር፣ ጥርሱን ለሐኪሙ ብትነግሪ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

በማግስቱ ጧት ጎረቤቴ ዘነበች ወደ ምንጭ ስትወርድ «እንዴት አደርሽ?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ልጄ ከደጃፍ ቆማ ታየኛለች። «ድዴን ግን ገና ያመኛል፤ እባክሽ የእኔንም ቅጂልኝ» ብዬ ባዶውን ጀሪካን ሰጠኋት።