አርባው ሳይወጣ ሲኒማ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ዳንግላ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ከጎኗ ያሉትን ከል የለበሱ ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«ከየት ይመጣሉ፣ አባቴ?»

«ከሲኒማ ቤት።»

«ሐዘንተኛ አይደሉም እንዴ?»

«ልጄ ሞቶብኝ ነው። አርባው ገና አልወጣም።»

«ኧረ በማርያም! አርባው ሳይወጣ ሲኒማ?»

«ልጄ፣ ሲኒማ ቤቱ የሚያሳያቸውን የድሮ ፊልሞች ሁሉ አይቼ፣ የትኛው እንደሚበልጥ እፈርዳለሁ ብሎ ምሎ ነበር። ሲታመምብኝ እኔ እያየሁ እነግረው ጀመር፤ እሱ ተኝቶ ይፈርዳል። አንድ ፊልም ቀርቶት ነበር።»

«አሁን ታዲያ ለማን ሊነግሩ ነው?»

«ኮሶበር እንደወረድኩ መቃብሩ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፊልሙ ጥሩ ነበር?»

«በጣም ጥሩ ነው፣ ልጄ። አባትየው ቀድሞ ይሞታል፤ ልጁ ይቀብረዋል።»

እኔም ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው በልቤ እየጠራሁ ተመስገን አልኩ።