ደሟ ሳይረጋ አትወጣም

ወገኖቼ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያችን ኦቦ ነመራ ተሰናብተውን ወደ አኖ ሳይሸሹ ላውራ!

ኦቦ ነመራ ከአኖ በጭነት መኪና ሐኪም ቤታችን ሲደርሱ ጭናቸው ላይ አንድ ቅርጫት እንቁላል ነበር። እጅ መንሻ መስሎን ጠብሰን በላነው። «እንቁላሉስ?» አሉ። «ጣፍጦናል፤ ገለቶማ!» አልናቸው። «የበላችሁት እኮ ላቦራቶሪዬን ነው!»

ለካ አስኳል የእባብ መርዝ ጠብ ሲልበት ቢቀቅሉትም አልረጋም ይላል። ምሳ ሰዓታችን ላይ ያስተምሩናል፦ «ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች የሚሠሩት የሕዋስ ሽፋን ስብ ላይ ተጣብቀው ነው። የመርዙ ኢንዛይም ስቡን ይቆርጥባቸዋል፤ መያዣ ያጣሉ፤ ደሙም ውሃ ሆኖ ይቀራል።» ነርስ ዳዲ፣ «ወጡም ቀዘቀዘ» ትላለች። እባብ የነደፈው ሰው ደም ይረጋ እንደሆነ ለማየት በመስታወት ቱቦ ካቆሙማ ማንም ጠረጴዛውን አይነካም፤ የአውራጃው ገዥ ቢመጡም መልሱ «ሃያ ደቂቃ!» ነው።

እኔ ድሬሰሩ መሸሻ ደግሞ አንድ ጊዜ ቱቦዎቹን በሳሙና አሳምሬ አጠብኩላቸው። ለማመሳከሪያ የሰጠሁት የራሴ ደም ሳይረጋ ቀረ! ኑዛዜ ስጀምር፣ «ቱቦውን በምን አጠብከው?» አሉኝ።

«በሳሙና።»

«እንግዲያው የተበላሸው ቱቦው ነው፤ አንተ ተነሥ!»

በዓመቱ ባለቤቴን ወይዘሮ ቀለሟን ጉቶ ጊዳ ውስጥ በቆሎ ስትሰበስብ እባብ ነደፋት። እግሯ ብዙም አላበጠ፤ ትስቃለች። ወደ ቤት ልወስዳት ስል ኦቦ ነመራ ደሟ ሃያ ደቂቃ የቆመበትን ቱቦ ዘንበል አደረጉት። ሳይረጋ ፈሰሰ።

«ሳሙና ይሆናላ!» አልኩ።

«የኔንም ደም ከጎኑ አቁሜያለሁ፣ አብሮ በታጠበ ቱቦ። የኔ ረግቷል» አሉና በሩ ላይ ቆሙ። «ደሟ ሳይረጋ አትወጣም።»

ያልሰደብኳቸው ስድብ የለም። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ሐኪሙ ማርከሻውን ሲያዘጋጅ ድዷ መድማት ጀመረ። ያኔ መንገድ ላይ ብንሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ቆሜ አላወራም ነበር። በማግስቱ ደሟ ረጋ።

ይኸው፣ እዚያ ተቀምጣለች። ልጆቻችን አራት ናቸው፤ ሦስቱ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ።

ኦቦ ነመራ፣ ውለታዎን መመለስ አልችልም። የሰደብኩዎት በሰው ፊት ነበር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እስከ ዛሬ አፈርኩ። በዚሁ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።

ብርዛችሁን አንሡ! ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጤናዎ ይብዛ፣ አኖ ላይ ደጅዎ እንግዳ አይጣ። ሦስቱ ልጆቼ የተወለዱት እርስዎ እምቢ ስላሉኝ ነውና፣ ለእምቢታዎ እንጠጣ!