ለእንጀራ ልጁ ቃል ያልገባው ልብስ ሰፊ

ከሆስፒታል አብልጬ የምጠላው ነገር ቢኖር ኮሪደሩ ነው። ሰው ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ በሩን ያያል፣ ደግሞ ይቀመጣል። የታመመች ባልደረባዬን ለመጠየቅ ጠበቃ ከሆነችው ልጄ ጋር በሄድኩ ዕለት የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ እዚያ አገኘኋቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በማግስቱ ኦፕራሲዮን ነበረባቸው።

«ምነው ጋሼ፣ አረፍ አይሉም?»

«እንዴት ብዬ ልረፍ እትዬ! ራሴን ብስት ስለኔ የሚጠየቅ ሰው ሐኪሞቹ ሲፈልጉ ልጄ ቀረበች። ‹ምናቸው ነሽ?› አሏት። እንጀራ ልጃቸው ነኝ ብትል ‹የሥጋ ዘመድ ይምጣ› ብለው መለሷት። ነፍሷን ይማርና እናቷ ይዛት መጥታ ድክ ድክ ከምትልበት ጀምሮ ያሳደግኳትን ልጅ! ይኸው ወንድሜን ልትጠራ ሄዳለች።»

ልጄ የሕግ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንላትም።

«ጋሼ፣ ኑዛዜስ አለዎት?»

«ምን ታሟርቺብኛለሽ ልጄ? ነገ ኦፕራሲዮን ልገባ ዛሬ ኑዛዜ!»

«ታዲያ ቤቱ ለማን ይሆናል?»

«ተናግሬያለሁ እኮ። ሳምባዬን ሲያመኝ ወንድሜ አስታመመኝ፤ ቤቱ ያንተ ነው አልኩት። አምና ወገቤን ሲይዘኝ ደግሞ የእህቴ ልጅ መጣ።»

«ለሱም ሰጡት?»

«ምን ላድርግ፣ ሾርባ ይዞ ፊቴ ቆሞ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ልጄ ግን አልሣቀችም።

«ለእንጀራ ልጅዎስ?»

«ለሷማ ምን ቃል ያስፈልጋል? ቤቱ የሷ አይደለም እንዴ! አገር ያውቃል።»

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። በታመመ ቁጥር ቤት የሚያድል ሰው፣ ሱቁን ከፍታ ዘግታ፣ መድኃኒቱን ገዝታ የምትኖረውን ልጅ ረስቷታል። የረሳትም ስለሚወዳት ነው!

«አገር የሚያውቀውን ፍርድ ቤት አያውቀውም ጋሼ» አለች ልጄ። «በጉዲፈቻ አልወሰዷትም። ያለ ኑዛዜ ቢያልፉ ወራሾችዎ የሥጋ ዘመዶችዎ ናቸው። እነሱ ‹ለኔ ነው ያለኝ› ሲባባሉ እሷ ሜዳ ላይ ትቀራለች።»

ልብስ ሰፊው ተቀመጡ፤ ወዲያው ተነሡ።

«ወንድሜ ያኮርፈኛል።»

«ያኩርፋ!» አልኩ ሳልጠየቅ።

«ተይ እማዬ። ጋሼ፣ ኑዛዜ ማለት ንብረትዎ ለማን እንደሚሄድ ሕጉ በሚጠይቀው ምስክር ፊት ጽፈው መፈረም ነው፤ ሐሳብዎ ከተለወጠ ይለውጡታል። ውክልና ደግሞ በሕይወት እያሉ ሱቁንና ባንኩን ልጅቷ በስምዎ የምታንቀሳቅስበት ነው፤ ሲያልፉ ያበቃል። ስለ ሕክምናዎም ማን እንዲጠየቅ እንደሚፈልጉ ለሐኪሙ በጽሑፍ ይስጡት።»

«ብጽፈው ሞትን በገዛ እጄ የጠራሁት ይመስለኛል።»

«እንዲያ ቢሆን ኖሮ ያልጻፉት ሁሉ ዛሬ በሕይወት በኖሩ!»

ሊስቁ ፈልገው እምባ ቀደማቸው። «ጻፊው» አሏት።

ከሰዓት በኋላ፣ ከውርሱ ምንም የማይደርሳቸው ምስክሮች ባሉበት ተጻፈ፣ ተነበበ፣ ተፈረመ። ቤቱ ለልጅቷ፣ የስፌት መኪኖቹ ለእህታቸው ልጅ፣ ከከተማ ውጭ ያለችው ቦታ ለወንድማቸው ሆነ። ለሐኪሙም የልጅቷን ስም ጽፈው ሰጡ። ጤነኛ ሰው በሰላሙ ቀን ቢያደርገው ኖሮ እንዲህ ሩጫ ባልሆነ፤ ለቤተሰቡ ክርክር፣ ለሐኪሙ ግራ መጋባት ባልተረፈ። እኔም ብሆን እስከዚያ ቀን አልጻፍኩም ነበር፤ በሳምንቱ ጻፍኩ።

ልብስ ሰፊው ወደተኙበት ክፍል ወንድምየው ከልጅቷ ጋር ሲደርስ ራሳቸው ነገሩት። ልጅቷ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

«ቤቱ ያንተ ነው አላልከኝም?» ብሎ ጮኸ፤ ዞሮም እሷ ላይ አፈጠጠ።

«ወደኔ ተመልከት!» አሉ ልብስ ሰፊው ከአልጋቸው ቀና ብለው። «ብዬሃለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ብትሰድበኝ ሰምቼ እመልስልሃለሁ። ከሞትኩ በኋላ ቢሆን የምትሰድበው እሷን ነበር።»

ወንድምየው ወንበር ሳበና ተቀመጠ። እስኪመሽ ሲሳደብ ልብስ ሰፊው ለያንዳንዱ መልስ ሰጡ። ልጅቷን ግን በአንድ ቃል እንኳ አልነካትም።