ያጠበቀ ይሳፈራል

ተቀመጡ እንጂ። ንግግሬ አጭር ነው፤ ቢረዝምም መውጫ የላችሁም፣ በሩን ዘበኛው ዘግቶታል። በያጁ፣ ስልክህን ዝጋ።

ጋሼ ቀስ፣ ከመጣህበት ቀን ልጀምር። በዚህ ግቢ ብዙ ሰው ሥራ ሲጀምር አይቻለሁ። በእግሩ የመጣ አለ፣ በታክሲ የመጣ አለ፣ አጎቱ እጁን ይዞ ያመጣው አለ። በገመድ እየተጎተተ ሥራ የጀመረ ግን ካንተ በቀር አላውቅም። መኪናዋና መካኒኳ ከቅርንጫፍ አብረው ተዛወሩ ተባለና፣ የጭነት መኪና ከፊት እየጎተተ፣ አንተ ከኋላ መሪ ጨብጠህ፣ ክንድህን በመስኮት አውጥተህ እንደ ትልቅ እንግዳ ለዘበኛው ሰላምታ እየሰጠህ ገባህ። እኔ ያኔም የጋራዡ ኃላፊ ነበርኩ፤ ያኔም ቁጡ ነበርኩ።

"ምን ሆና ነው?" አልኩህ።

"ምንም አልሆነችም። ደክሟት ነው።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ደህና ነኝ። አንቱታውን ተወውና ገመዱን ፍታልኝ።"

ፈታሁልህ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንቱ ብዬህ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።

ቤተሰቦቹ ከእኛ ጋር ስላላችሁ ሥራችንን በአጭሩ ልንገራችሁ። መንገድ ወዳልገባበት አገር የውሃ ፓምፕ እናደርሳለን፣ የተበላሸውን እንጠግናለን። ለዚህ ሥራ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ከብዙዎቻችን ልጆች በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት መኪና አለችን። "አሮጊቷ" እንላታለን። ይህ ሰው ደግሞ መሪ ለያዘ ሁሉ፣ መፍቻ ላነሳ ሁሉ፣ ደረጃ ለሚወርድ ሰው ሳይቀር "ቀስ!" ስለሚል "ጋሼ ቀስ" ሆኖ ቀረ።

ሲመጣ ይዞት የመጣው ደንብ አንድ ነው፦ ያጠበቀ ይሳፈራል። ብሎን ያጠበቀ ሰው፣ ጥገናው አልቆ መኪናዋ ስትሞከር ውስጧ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሒሳብ ሹማችን ፊርማ ፈልጋ ጋራዥ ገባች። እሱ መኪናዋ ሥር ተኝቷል።

"እህቴ፣ እስኪ ይቺን ባትሪ አብሪልኝ" አላት።

አበራችለት። ሲጨርስ ተነስቶ የኋላውን በር ከፈተላት።

"እኔ ምን አጠበቅኩ?"

"ያላንቺ ብርሃን መች አጠብቀው ነበር። ግቢ።"

መኪና የምንሞክርበት ኮረብታ ግማሽ ላይ አስቁማ ወርዳ በእግሯ ተመለሰች። ይኸው እስከ ሰሞኑ በጋራዡ በኩል ስታልፍ ሁለት እጆቿን ኪሷ ከታ ነበር።

ከእኔ ጋር የተጣላነው ደግሞ አሮጊቷን ከፍ ለማድረግ ነው። ድንጋይ ሆዷን እየመታት ስለተቸገረ ጎማዋ ላይ የሚሸከማትን ባሌስትራ ቀይሮ ቁመቷን ሊጨምር ተነሳ። እኔ ወረቀት ላይ አስልቼ፣ ብዙ ከፍ ካለች ኩርባ ላይ እንደምትገለበጥ አሳየሁት።

"ስንት ልትጨምርባት ነው?"

"አራት ጣት።"

"ጣት መለኪያ አይደለም። ደግሞ የማን ጣት?"

"የኔ ነዋ።"

ጣቱን ታዩታላችሁ። ያ ጣት አይደለም፣ የመዶሻ እጀታ ነው። ተኳረፍን። ሰላምታ እንኳን በዘበኛው በኩል ነበር የምንላላከው። በመጨረሻ በሦስት ጣት ታረቅን፣ በእኔ ጣት። እስከ ዛሬ አልተገለበጠችም፤ እስከ ዛሬ ድንጋይ ሆዷን አልነካም። እሱ "ከፍ ስላደረግኳት ነው" ይላል፣ እኔ "ስለከለከልኩህ ነው" እላለሁ። ጡረታ ቢወጣም ይህ ክርክር ጡረታ አይወጣም።

ባለቤቱ እዚህ ናት። አንድ ጊዜ "ከኪሱ ብሎን ሳላወጣ ልብሱን አጥቤ አላውቅም" ብላኛለች። አንድ ቀን ረስታ ሳታወጣ ቀረችና የልብስ ማጠቢያው ተሰበረ። እሱ ራሱ ፈታው፣ እሱ ራሱ ገጠመው። ጋሼ፣ ያጠበቀ ይሳፈራል ብለህ አልነበር? ማሽኑ ውስጥ ግን አልገባህም።

እሺ፣ ሳቁ ይብቃን።

ከዓመታት በፊት እናቴ በጠና ታማ ተደወለልኝ። የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምት ነበር፤ የጠየቅኩት ሹፌር ሁሉ መንገዱን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ሰው ያን ሳምንት ዕረፍት ላይ ነበር። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ በነጠላ ጫማ መጣ። ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዶ አሮጊቷን አወጣት። ወንዙ ዳር ስንደርስ ወርዶ ውሃውን በእግሩ እየለካ ተሻገረና ተመለሰ። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ "ቶሎ በል" እያልኩ እጮሃለሁ። ልጩህ፣ ልሳደብ፣ የሚመልስልኝ አንድ ቃል ነው፦ "ቀስ።"

ደረስን። እናቴ ነቅታ ነበር፤ እጄን ያዘች። እሱን ግባ ብንለው አሻፈረኝ አለ። ግቢው ውስጥ መኪናዋ ሥር ገብቶ ተኛ። እናቴ በመስኮቱ እግሮቹን አይታ፣ "ያ ጭቃ ላይ የተኛው የማን ልጅ ነው?" አለችኝ።

"የኛው ነው፣ እማዬ" አልኳት።

የላላ ነገር አልነበረም። እኔ መካኒክ ባልሆንም መሐንዲስ ነኝ፣ ሳይ አውቃለሁ። ያልላላ ብሎን ሲያጠብቅ የዋለው፣ እኔ ከእናቴ ጋር ብቻዬን እንድቀመጥ ነው። ጋሼ፣ ይህን ነገር አንስቼብህ አላውቅም። አመሰግንሃለሁ።

አሁን ዛሬ ጠዋት ወደሆነው ልምጣ። ጠዋት ስትገባ የአሮጊቷ ቦታ ባዶ ነበር፣ መሬቱ ላይ የዘይቷ ጠብታ ብቻ። አየኸው፣ ቆምክ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ሄድክ። ባለፈው፣ ከጎማው ክምር ኋላ፣ "እኔ ስወጣ እሷንም ለጨረታ ያወጧታል፣ አይደል?" ስትለኝ ጎማ መቁጠር የጀመርኩት መልሱ ገና በእጃችን ስላልነበረ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነግሮን ነበር፦ "በአንድ ሰው እጅ ብቻ የምትሄድ መኪና አላስቀምጥም። ያለ እሱ ሠርታችሁ አሳዩኝ፣ ካልሆነ ትሸጣለች።" ተናደድኩ፤ ሆኖም ትክክል ነው።

የመጨረሻ ዕረፍትህን ወጥተህ ቤትህ ስትቀመጥ፣ እኛ ካምቢዮዋን አወረድን። የፊት እግሯን ፈታን። ያሠለጠንካት መካኒካችን መሪ ሆነች፣ በያጁ የተሰነጠቀ ብረቷን በየደ፣ እኔ እየተቆጣሁ መፍቻ አቀበልኩ፣ እኔም አጠበቅኩ። ገጥመን ስንጨርስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን ተርፎ ተገኘ። ማንም የየት እንደሆነ አላወቀም። እንደገና ሁሉንም ፈታን። ቦታ የጎደለው የለም። እንደገና ገጠምን። ያው ብሎን ተረፈ። ሦስተኛ ልንፈታ ስንል መካኒካችን ቀና ብላ፣ ከጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የሥራ ኮትህን አየች። ኪሱ ቀዳዳ ነው። እጇን ብትሰድድ ሌላ እፍኝ ብሎን አወጣች። ጋሼ፣ ዕረፍት ላይ ሆነህም አሠራኸን።

ትናንት ሞከርናት። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ ያጠበቅን ሁላችን ከኋላ፣ አንዱ ሌላው ጭን ላይ ተጫጭነን። ሒሳብ ሹማችን ሳትጠራ መጥታ ገባች፤ በዚህኛውም ጥገና ባትሪ ያበራችው እሷ ነበረች። ዳገቱን ወጣን፣ ጭቃውን ገባን፣ ወጣን። ሥራ አስኪያጁ ዳገቱ አናት ላይ ወርዶ ሱሪውን አራገፈና፣ "ትቆይ" አለ።

ትቆያለች፣ ጋሼ። አልተሸጠችም። ከመጋዘኑ ኋላ ታጥባ ቆማለች።

ዛሬ ቤትህ የምታደርስህ እሷ ናት። መሪ አትይዝም። ከፊት፣ ዛሬ ከምትነዳት ካሠለጠንካት መካኒክ ጎን፣ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ እንደ ሰው ትቀመጣለህ። ከሞተሯ ድምፅ ብትሰማ ለዛሬ ብቻ ዝም በለን፤ ነገ መጥተህ ተናገር። በሩ ክፍት ነው፣ ኮትህም ሚስማሩ ላይ ነው፣ ኪሱን ግን ሰፍተነዋል።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጡረታህ ጭቃ የሌለበት መንገድ ይሁን። ወገብህ መሬት ላይ መተኛቱን ይርሳ። ከባለቤትህ ጋር ያልሄድክባቸውን ቦታዎች ሂድባቸው፣ የልጅ ልጆችህን እሹሩሩ በል፣ ሲሮጡብህም የምትላቸውን ታውቃለህ። ለጋሼ ቀስ!

ጠጡ። አሁን አንድ ነገር ቀርቷል። ዘበኛው፣ በሩን ክፈተው። አንቺ መካኒካችን፣ ሂጂና አስነሺያት።

ዝም በሉ። አሮጊቷ እየተናገረች ነው።