ስጋጃው ላይ ያለው ቀዳዳ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስጋጃ የሚሠሩ ሴቶችን ሰብስቤ፣ «በአፋችሁ ለመናገር የፈራችሁትን በሱፍ ተናገሩ፤ ማንም ምንም አይላችሁም» እያልኩ ወር ሙሉ የሰበክሁት እኔው ነኝ። የሥዕል አስተማሪ ነኛ! እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክንድ ስጋጃ ሠሩ፤ ሰፍተን አንድ ትልቅ ስጋጃ አደረግነውና አዳራሽ ውስጥ ሰቀልነው። ሌሎቹ አበባና በግ ነው የሠሩት። እትዬ አስካለ ብቻ ቀይ ጃኬት ሠሩ። የጸጥታ ሰዎች ልጃቸውን ከቤት ሲወስዱት የለበሰው ነው፤ ይኸው እስካሁን የት እንዳለ አይታወቅም።

በምረቃው ቀን አንድ የከተማው ኃላፊ መጣና ጃኬቷ ፊት ቆመ። «ይቺን ማን ናት የሠራቻት?» አለኝ። እትዬ አስካለ አጠገቤ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሉ አየሁ። እኔ ግን አቀረቀርኩና፣ «የጋራ ሥራ ነው ጌታዬ፤ ማን እንደሠራት አይታወቅም» አልኩ። «አይ! ለቢሮዬ እንዲህ ያለች ላሠራ ብዬ ነበር» ብሎ አለፈ።

ሰው ሲበተን እትዬ አስካለ ወንበር ላይ ወጥተው ስፌቱን በመቀስ ሲተረትሩ አገኘኋቸው። «ኧረ እትዬ፣ ሰውየው እኮ ወዷት ነው!» አልኳቸው። ጃኬቷን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና፣ «እሱንማ መች ፈራሁት ልጄ? አንተ ስታቀረቅር ነው የፈራሁት» አሉኝ።

ስጋጃው ዛሬም እዚያው ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቀዳዳው ምንድነው?» ይለኛል። «ዲዛይኑ ነው» እላለሁ።